የጣውንቴ ክኒን

ላዳን የባሌ የመጀመሪያ ሚስት ናት፤ እኔ ዒፍራህ ሁለተኛዋ ነኝ። ሻርማርኬ እኔን ሲያገባ እሷ በር የምታልፈው ወደ ጎን ዞራ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከአልጋ ለመነሳት እንኳ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። እኔ ደግሞ ወገቤ ሸንቃጣ፣ እግሬ ቀልጣፋ። ስለዚህ አልፈራኋትም። እንዲያውም አዝንላት ነበር፤ ማዘን ደስ ይላል፣ በተለይ ለጣውንት።

ከዚያ አዲስ አበባ ሄደችና የሐሞት ጠጠር አስወጣሁ ብላ ተመለሰች። ወሩ በገፋ ቁጥር መቅለጥ ጀመረች። መጀመሪያ ጉንጯ፣ ቀጥሎ ክንዷ፣ በኋላ ያ ወገቧ። ዓመት ሳይሞላት የጅግጅጋ ሴት ሁሉ ገበያ መሃል እያስቆመ "ምን አድርገሽ ነው?" ይላት ጀመር። እሷም ፈገግ ብላ "አላህ ነው" ትላለች። እኔ ከወለድኩ ወዲህ ሆዴ አልመለስ ብሎኛል፤ እሷ ግን የድሮ ድሪያዬን ብትለብስ ልኳ ነው። ቅናት ያቃጥላል ይባላል። እኔን ከማቃጠልም አልፎ ያሳክከኝ ነበር።

ይባስ ብሎ ሻርማርኬ ተራ ማፋለስ ጀመረ። በእኔ ተራ እንኳ "ላዳንን አየት አድርጌ ልምጣ" ብሎ ይወጣል፤ እዚያው ይነጋለታል።

አንድ ጠዋት ቤቷ ሄድኩ። ሰላምታው ሰበብ ነው፤ የሄድኩት ሚስጥሯን ፍለጋ ነው። ላዳን ቁርስ ሳትቀምስ አንዲት ትንሽ ክኒን በውሃ ዋጠች። ሻይ በወተት ብቀዳላት "ቆይ፣ ከክኒኑ ጋር አይሆንም" ብላ ገፋችው።

"የምን ክኒን ነው?"

"የአንገቴ ነው" አለችና ወሬ ቀየረች።

የአንገት! እኔን ሞኝ አደረገችኝ። ወደ ጓዳ ስትገባ የክኒኑን ፓኮ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ልገዛው ቶጎጫሌ ድረስ በሚኒባስ ሄድኩ፤ ጅግጅጋ ብገዛ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤቷ ይደርሳል። መድኃኒት ሻጩ ፎቶውን አየና ምንም ሳይጠይቅ ሰጠኝ። እሷ የምትውጠው አንድ ነው። እኔ ልቀድማት ነውና ሦስት አደረግሁት፣ ቆይቼም አራት።

ደግሞም ሠራ! ቀሚሴ ሰፋኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያሰጥመኛል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ፣ ልቤ እንደ ከበሮ ይደልቃል። ግን ቀሚሴ ሰፋኝ። እንዲህ እያልኩ አንድ ቀን ከሰዓት የሻይ ትሪ እንደያዝኩ ሳሎን መሃል ተዘረርኩ።

ሆስፒታል ዓይኔን ስገልጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ላዳን ናት። ከሰው ሁሉ እሷ! ክኒኖቹን ቦርሳዬ ውስጥ አግኝታ ለሐኪሙ ያሳየችውም እሷው ናት።

"አባዮ፣ እህቴ፣ ይሄን ማን አዘዘልሽ?"

"ማንም። አንቺን ያከሳሽ እሱ አይደል?"

ብድግ ብላ መጋረጃውን ሳበችና ቀሚሷን ገለጠች። ሆዷ ላይ ጥቃቅን ጠባሳዎች ነበሩ።

"እኔን ያከሳኝ ይሄ ነው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ጨጓራዬን ቆርጠው አሳነሱት። ሐሞት ያልኩት ውሸቴን ነው፤ ሻርማርኬም አያውቅም። ክኒኑ ሌላ ነው። የአንገቴ ዕጢ፣ ታይሮይድ የሚሉት፣ ሥራውን በቅጡ አይሠራም። ድካሙም፣ ብርድ ብርድ ማለቱም፣ ውፍረቱም የጀመረኝ በእሱ ነው። ሐኪሞቹ መጀመሪያ እሱ በክኒን ካልተስተካከለ አንቀድድሽም ብለውኝ ነበር። አሁንም ዕድሜ ልኬን እውጠዋለሁ። ክኒኑ የጎደለኝን ይሞላል እንጂ ማክሻ አይደለም። አንቺ ምን ጎድሎሽ ነው የምትውጪው፣ ቂል!"

"ለምን ብለሽ ተቆረጥሽ ታዲያ?"

ቀና ብላ አየችኝ። "በሠርግሽ ቀን አየሁሽ" አለች።

ደስ አለኝ። እዚያ አልጋ ላይ ልቤ እየደለቀ፣ ደስ አለኝ። በእኔ ቀንታ ነው የተቀደደችው!

ይሄኔ ሻርማርኬ ገባ። ላዳን ቀሚሷን ቶሎ መለሰች። እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

"ምን ነክቷችሁ ነው እናንተ?" አለ። "አንዷ ከሐሞቱ ወዲህ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ታስመልሳለች፤ ትሞትብኛለች ብዬ ትንፋሿን ሳዳምጥ አድራለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ! ላዳን፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ የድሮ ሥጋሽን መልሺልኝ። ያኔ ነበር የምታምሪው።"

ለካ ፈርቶ ነው እዚያ የሚያድረው! ያ ሁሉ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት ለከንቱ ኖሯል። ላዳንን አየኋት። በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ መሬት መሬት ታያለች። አሸንፌያታለሁ። ዝም ብል ይበቃኝ ነበር።

"አትስሚው" አልኳት። "አምሮብሻል።"

ጣውንቴ ከሆነች ወዲህ የነገርኳት የመጀመሪያው ደግ ቃል ነው። እውነት መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።