ሰማያዊው ጣሳ

«ጠጪው! ወይ ጠጪው፣ ወይ ድፊውና ገላግዪን!» አለች ከበቡሽ፣ እጇን ወደ ቴሌቪዥኑ እያወናጨፈች።

የህንድ ድራማዋ ናሊኒ ግን አልጠጣችም፤ አልደፋችምም። አማቷ ካምላ ወተት ውስጥ መርዝ የበጠበጠችበትን የብር ብርጭቆ ወደ ከንፈሯ እንዳስጠጋች ቀረች። ከበሮው ሦስት ጊዜ ድም አለ። ካሜራው የአማቲቱን ፊት አሳየ፣ የባልየውን አሳየ፣ የአክስትየውን፣ የሠራተኛዋን፣ ከዚያ ዞሮ ዞሮ እንደገና የአማቲቱን። ሁሉም ያፈጣሉ፤ የሚናገር ግን የለም። እንዲህ ሲሉ ሦስተኛ ሳምንታቸውን ያዙ። አሁንም ከበሮው እንዳበቃ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

«እትዬ ከበቡሽ፣ ነገ ትጠጣለች» አለች ትጊ። ትጊ ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ፀጉር ሠሪ ናት፤ ማታ ማታ ድራማውን አብራት ታያለች።

«ትናንትም ነገ ብለሽኝ ነበር። ህንድ አገር አንድ ብርጭቆ ወተት ለመጠጣት ወር ይፈጃል እንዴ?»

«በአማርኛ የሚያወሩላቸውም ሰዎች አልቀውባቸዋል። ዘበኛውና የሞተው አባት በአንድ ድምፅ ነው የሚናገሩት።»

«እሱስ ይሁን። እኔን የሚያነደኝ ይሄ ሁሉ ሰው አጠገቧ ተገትሮ አንድ እንኳ ‹አትጠጪ› የሚላት መጥፋቱ ነው። ዓይን የላቸውም?»

ይህን እያለች ተነስታ ጓዳ ገባች። የዱቄት ወተት ቆርቆሮውን ከጆንያው ኋላ አወጣች። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ግን ወተት አልነበረም፤ እህቷ ከሳውላ የላከችላት ግራጫ የሥር ዱቄት ነበር። አንድ ማንኪያ ሰማያዊው ጣሳ ውስጥ ጨመረች፤ የፈላ ወተት አፈሰሰችበት። ጫፉ የተላጠው ይህ ጣሳ የሩሃማ ብቻ ነው።

«ሩሃማ! ነይ ልጄ፣ ሳይበርድ ጠጪ።»

ሩሃማ የልጇ የታሪኩ ሚስት ናት። ታሪኩ አይሱዙ ይዞ እስከ ቱርሚ ድረስ ጭነት እያመላለሰ ስለሚዞር ቤቱን የሚያየው በወር አንዴ ቢሆን ነው። ከተጋቡ ሁለት ዓመት አለፋቸው፤ ልጅ ግን የለም። ከበቡሽ ሥሩን ያስመጣችው ለዚሁ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እንዲህ ያለውን የሥር መድኃኒት አጥብቀው ስለሚቃወሙ ደበቀችው እንጂ፣ በልቧ ከፍቅር በቀር ምንም አልነበረም። ይህችን ልጅ ከወለደቻቸው አስበልጣ ትወዳታለች።

ሩሃማ ጣሳውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ዓይኗን ጨፍና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

«ይባርክዎት፣ እማዬ።»

ከሳ ብላለች። ባሏ ናፍቋት ነው አለች ከበቡሽ ለራሷ፤ ማስታወቂያውም አልቆ ነበርና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

በማግስቱ ዓርብ፣ የሠፈሩ ሴቶች የጸሎት ኅብረት ተራው ከበቡሽ ቤት ነበር። አንዷ ለልጇ ፈተና፣ አንዷ ለወገቧ ሕመም የጸሎት ርእስ አቀረቡ። ተራው ከበቡሽ ጋ ሲደርስ ልቧ የት እንደነበረ እንጃ፣ አፏ ግን ወደ ናሊኒ ሄደ።

«አንዲት ልጅ አለች» አለች። «ሰው አገር ተድራ አማቷ መርዝ ታጠጣታለች። ሁሉም ያያል፤ ማንም አይናገርላትም።»

«ወይኔ! የማን ልጅ ናት?» አለች አንዷ ደረቷን ይዛ።

ከበቡሽ ድራማ ነው ልትል ፈለገች። የሁሉም ዓይን እንባ ሲያቀርር ስታይ ግን አፈረች። «የማውቃት ልጅ ናት» አለች።

ወዲያው ሁሉም ተንበረከኩ። አምስት ሴቶች ጂንካ ላይ ሆነው ለህንዷ ናሊኒ አለቀሱ። ከበቡሽ ሳቋ እንዳያመልጣት የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። በዚህ መሃል እማማ መሰረት ጸሎታቸውን ድንገት አቋረጡ። እማማ መሰረት ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው አራት ዓመት ሆኗል፤ ቤታቸውም ቴሌቪዥን የለም።

«ከበቡሽ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዙረው። «ልጅቷ የምትጠጣው በምንድን ነው?»

«በብርጭቆ ነው፣ እማማ። በብር ብርጭቆ።»

«አይደለም። እኔ የማየው ጣሳ ነው። ሰማያዊ ጣሳ፤ ጫፉ ተልጧል።»

ከበቡሽ የነከሰችውን ነጠላ ለቀቀችው። አሮጊቷ ጓዳዋ ገብተው አያውቁም። ቢገቡስ በምን ዓይናቸው? ሌሎቹ ነገሩ ስላልገባቸው ጸሎታቸውን ቀጠሉ፤ እማማ መሰረት ግን እስኪሄዱ ድረስ ፊታቸውን ከጓዳው አላዞሩም።

አመሻሽ ላይ ከበቡሽ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። ጣሳ የሌለው ቤት የት አለ? ጫፉ ያልተላጠስ ጣሳ? እንዲህ ስታስብ እጇ የለመደውን ሠራ፤ ወተቱ ፈላ፣ ማንኪያው ቆርቆሮው ውስጥ ገባ። ሩሃማ ጣሳውን ተቀብላ በሩ አጠገብ ቆመች። ትጊም መጥታ ቦታዋን ያዘች።

ናሊኒ ብርጭቆዋን አነሳች። በሩ አጠገብ ሩሃማ ጣሳዋን አነሳች። ካሜራው ወደ ካምላ ፊት ተጠጋ፣ አሁንም ተጠጋ። በዚህ ጊዜ መብራት ጠፋ።

ትጊ የስልኳን መብራት አበራች። በጠፋው ቴሌቪዥን መስታወት ላይ፣ ካምላ በነበረችበት ቦታ፣ የከበቡሽ ፊት ቁጭ ብሏል። ከኋላው ደግሞ አንዲት ቀጭን ልጅ ጣሳ ወደ አፏ ታስጠጋለች። ከበሮውም ተሰማ። ድም፣ ድም፣ ድም። ጀነሬተር ካለው ከጎረቤት ሆቴል ቴሌቪዥን እንደሚመጣ ከበቡሽ ታውቃለች፤ ቢሆንም ከወንበሯ ተነሳች።

«ሩሃማ፣ አትጠጪው።»

«እማዬ?»

«አስቀምጪው ብዬሻለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?»

ሩሃማ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሦስት ወር ሆነኝ። እሱን ከጠጣሁ በኋላ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ያስመልሰኛል። ከሰሞኑ ደግሞ ደም አለው።»

«ታዲያ አፍ የለሽም? ምነው ዝም አልሽ?»

«በፍቅር ነው የሚሰጡኝ። እንዴት ብዬ እምቢ ልበልዎት?»

«እኔም ጓሮ ስታስመልስ አይቻታለሁ» አለች ትጊ፣ ድምፅዋን ቀንሳ። «ያረገዘች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እትዬ። ሠፈሩም እንደዚያ ነው የሚያወራው።»

ከበቡሽ ጣሳውን ከሩሃማ አራቀችው። እንግዲህ ሁሉም ሲያይ ነበር። እሷም ስታይ ነበር፤ ያውም ከሁሉም በቅርብ።

«ባጃጅ ጥሪ» አለች።

ትጊ ደውላ እንደጨረሰች ወደ ከበቡሽ ጆሮ ጠጋ አለች። «ሐኪሙ ምን ወሰደች ቢልስ? ማታ ተረኛዋ ነርስ እኮ ከእናንተ ቸርች ናት፤ እሑድ ሳይደርስ ወሬው ይዳረሳል። ምግብ ተመርዛ ነው እንበል።»

ከበቡሽ ጨለማ ውስጥ እየዳበሰች ጓዳ ገብታ ቆርቆሮውን አወጣች፤ በፌስታል ሳትሸፍን ብብቷ ሥር ያዘችው። ሩሃማን ከትከሻዋ ባወረደችው ጋቢ ጠቅልላ፣ ደግፋ ባጃጁ ውስጥ አስገባቻት። ከዚያ ተመልሳ ከጠረጴዛው ላይ ጣሳውን አነሳች።

መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑ በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

«እትዬ! ልትጠጣ ነው! ከንፈሯን ነካ!» አለች ትጊ ሳታስበው።

ከበቡሽ ዞራ አላየችም። ባጃጁ ውስጥ ከሩሃማ አጠገብ ተቀመጠች። ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አደረገች።

«በቀስታ ንዳ» አለችው ባለባጃጁን። «ለሐኪሙ የማሳየው ይዣለሁ።»

መንገዱ ጎርበጥባጣ ነበርና፣ ወተቱ እንዳይፈስባት ጣሳውን በሁለት እጇ ያዘች።