ከጓሮ የተሳለች መንደር

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደምሴ በአባቱ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎረቤቱ ሰይፉ የጣላትን ቃል እንደ እሾህ ይዟት ነው የኖረ። «የደምሴ አያቶች እኮ የኛን ደጅ ተጠግተው የኖሩ ናቸው» ነበር ያለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሰይፉ መርካቶ ገብቶ ከበረ። ደምሴ ከስምንተኛ ወድቆ ቡታጅራ ላይ ፍሬም ሠሪ ሆኖ ቀረ።

በሚሊኒየሙ ዓመት ከባህል ጽሕፈት ቤት ሃኒ የምትባል ልጅ በአዳራሻቸው ለሕዝብ የሚታዩ ስዕሎች ፍሬም እንዲሠራላቸው ይዛለት መጣች። በእንግሊዟ ንግሥት በቪክቶሪያ ዘመን አንዲት ፈረንጅ ሴት ብቻዋን በበቅሎ አገራችንን ስትዞር በውሃ ቀለም የሳለቻቸው ናቸው፤ ቅጂያቸው ነው የተላከ። ደምሴ አንደኛዋ ላይ እጁ ደረቀ። የአገሩ መንደር ናት። ተራራው ጉም ለብሷል፤ ከጉሙ ሥር ትልቁ ዝግባ ቆሟል፤ ከዝግባው ግራ ሰፊ ቤት፣ ከቀኙ ደሳሳ ጎጆ።

ዝግባው በደርግ ጊዜ እስኪቆረጥ ድረስ ያውቀዋል። ቤቶቹ ሁሉ ደጃቸውን በሚያዞሩበት ሰፊ መስክ፣ ጀፎረው ላይ ቆሞ ላየ ሰው፣ ከዝግባው በግራ የደምሴ አያቶች ቦታ ነው፤ በቀኝ የነሰይፉ። ታዲያ ማን ነው ማንን የተጠጋ?

ሌሎቹን በተራ ጣውላ፣ እሷን በዋንዛ ሠራት።

«ጋሽ ደምሴ፣ ለዚችስ አደሉላት» አለች ሃኒ።

«ዝም ብለሽ መሃል ላይ ስቀያት።»

ለመስቀል በዓል ሰይፉ ከነመኪናው መጣ። ደምሴ ደግሞ የመንደሩን ትልቅ ሰው፣ እማማ እቴነሽን፣ ምስክር እንዲሆኑት በባጃጅ ይዞ አዳራሹ ገባ። ሰይፉን ሰው መሃል ጠራው።

«ና እስቲ፣ የቅድመ አያትህን ጎጆ እየው። ቀኝ በኩል ያለችው ናት። ነፋስ እንዳይወስዳት የኛን ቤት ተደግፋለች።»

ሰው ሳቀ። ሰይፉ መነጽሩን ፈለገ። እማማ እቴነሽ ግን ዓይናቸውን መስተዋቱ ላይ አስጠግተው ቆዩ።

«እንሰቱሳ?» አሉ።

«ምን እንሰቱ?» ደምሴ እንሰቱን አይቶት ነበር፤ ልብ ብሎ ግን አላየውም። ዓይኑ ሰፊው ቤት ላይ ተተክሎ ነው የከረመ።

«ከቤቶቹ ወዲህ ነው። እንሰት ደጁ ላይ የሚተክል ጉራጌ የት አየህ ልጄ? ሴትዮዋ ጓሮ ቆማ ነው የሳለች። ደሳሳዋ የናንተ ናት።»

ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆነ። ሰይፉ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«እንኳን አመጣኸው፤ ለሳሎኔ አንድ ሥራልኝ። በዚሁ በዋንዛ።»

ሃኒ ሌላ ቅጂ ሰጠችው። ደምሴ ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። በደጅ የማይገባ እንግዳ ሌባ ነው ይሉ ነበር አባቱ። ይቺ ፈረንጅ ስንት ዘመን አልፏት በጓሮ ገባችበት። ሰይፉ ሳሎን ዕድሜ ልክ ተጠግቶ መሰቀልማ አይሆንም።

ማስመሪያውን በዝግባው ቁመት ልክ አስተኝቶ በምላጭ ሳበ። የአያቶቹ ጎጆ ተቆርጣ ሰጋቱራው ውስጥ ወደቀች። ሰፊውን ቤት ብቻውን መስተዋት አልብሶ፣ በሚስማር አጠበቀው። ማታ ሰጋቱራውን ጠርጎ አወጣ።