የፈንቴ ስብከት በሐሚዳ ራኩባ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው መሰል፤ ወይ መስከረም ጠብቶ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ አዛናው ግን ወሩ ጠፍቶበታል። የሚያስታውሰው፣ ከሐሚዳ ራኩባ፣ ከሻሂ መሸጫ ዳሷ ጀርባ፣ በሣር ክዳኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማጭዱን ሲስል፣ የፈንቴ ድምፅ ከወዲያ ማዶ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ መስማቱን ነው።

ፈንቴ ስለ ጾም አንድ ነገር ተናገረ። ስለ ፍቅር ደግሞ ብዙ ተናገረ፤ ይኸኛው ከአዛናው ልብ ተኖ ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ቀርቷል።

"እታለም ሐሚዳ፣ የእኛ አገር ክርስትና እዚህ እንደምታይው አይምሰልሽ። በበዓል ቀን ለራሳችን ማጭድ አናነሣም። ባሏ የሞተባት ሴት አዝመራ ካላት ግን ያገሩ ጎበዝ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ያጭድላታል። ምንዳ የለ፣ ምን የለ። ለነፍስ ነው።"

ሐሚዳ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም መለሰላት። ሻሂው ፈልቶ ክዳኑ ሲንኳኳ ነበርና ጥያቄውም መልሱም አልተሰማም። አዛናው በሆዱ ስቆ ወደ ማጭዱ ተመለሰ። እሱ የደንቢያ ሰው ነው፤ ልማዱ እውነት እንደሆነ ያውቃል። የሳቀው ተናጋሪው ፈንቴ ስለሆነ ነው።

ፈንቴን ከሸሕዲ እስከ መተማ ባለው መንገድ የማያውቀው የቀን ሠራተኛ አልነበረም። ጎጃም ዜማ ቤት ገብቶ ነበር፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጣና ሰሊጥ አጫጅ ሆነ። ሠራተኞቹ ለማሾፍ "መሪጌታ" ሲሉት እሱ እንደ ማዕረግ ተቀበለው። ለሰው ሁሉ ወንጌል መንገር ግዴታዬ ነው ይላል፤ ሰው ያለበት ቦታም አይመርጥም። ትራክተር ሥር በጀርባው ተኝቶ ዘይት ለሚያፈስ ሹፌር ስለ ትንሣኤ ሙታን ይተነትንለታል፤ ሹፌሩ "መፍቻውን አቀብለኝ" ሲለው ግን ጆሮው አይሰማም። ወደ አብርሃ ጅራ የሚሄድ መኪና ላይ የተጫነ ሰው ሁሉ ሸሕዲን ሳይለቅ አንድ ጊዜ በፈንቴ ይገሠጻል። በወባ የሚንቀጠቀጥ ወንድም ቢያገኝ ስለ ትዕግሥት ያስተምረዋል፤ ብርድ ልብሱን ግን ጠቅልሎ ራሱ ይተኛበታል።

ከሁሉም ከሁሉም የሚወደው የሐሚዳን ራኩባ ነበር። ሐሚዳ ባሏን ሙሐመድጣሂርን ሐምሌ ላይ ወባ ወስዶባት፣ እሱ የዘራውን ሰሊጥ እየጠበቀች ከካምፑ አጠገብ ለሠራተኛው ሻሂ እያፈላች የምትኖር ሴት ናት። ፈንቴ በየማታው እዚያ ይቀመጥና የክርስቲያን ፍቅር ወሰን እንደሌለው ይነግራታል። ታዲያ ሻሂውን የሚጠጣው ከካምፑ በያዘው በገዛ ጣሳው ነበር። የእስላም ብርጭቆ ከንፈሩን እንዳይነካው ነው። ሐሚዳ ጣሳውን ታያለች፣ ትሞላለታለች፣ ዝም ብላም ታዳምጠዋለች። አዛናው ይኸን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ለሌሎቹ አጫጆች ሲያወራ ደግሞ "መሪጌታችን ፍቅሩ ወሰን የለውም፤ ጣሳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው የሚቆመው" ብሎ ያስቃቸዋል።

አዛናው ራሱ የአጫጆቹ አለቃ ነበር፤ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ። ጎሕ ሲቀድ ከሰው ራቅ ብሎ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይጸልያል፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ስለ እግዚአብሔር ቃል አይተነፍስም። ይኸን እንደ ጨዋነት ይቆጥረው ነበር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ሰሊጡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ደረሰ። የሰሊጥ ነገር ትዕግሥት የለውም፤ ፍሬው አፉን ከከፈተ ነፋስ መጥቶ መሬት ላይ ያራግፈዋል፤ መሬት ላይ የወደቀውን ደግሞ ጉንዳን እንጂ ሰው አይለቅመውም። ስለዚህ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ውባንተ በመድኃኔ ዓለም ዋዜማ ሠራተኛውን ሰበሰበና ነገ በዓል የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም የማኅበሩን ማሳ ያጭዳል ብሎ አወጀ። ውባንተ ጎንደር ሰንበት ብሎ ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ ሰላምታው እንኳን መፈክር ሆኗል። ማተቡን ከአንገቱ ፈትቶ ኪሱ ውስጥ እንደሚይዘው ግን ካምፑ በሙሉ ያውቃል። "መድኃኔ ዓለም ሰሊጥ አይዘራም፣ አያጭድም። የሚያጭደው ሰፊው ሕዝብ ነው" አለ፤ ሲናገር ታዲያ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

ሠራተኛው አጉረመረመ። ያን ጊዜ ፈንቴ ብድግ አለ። ስለ ሰማዕታት ተናገረ፣ ስለ ነገሥታት ተናገረ፣ መጨረሻ ላይ ማተቡን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ "ይኸ ከሚበጠስ አንገቴ ይበጠስ" አለ። አጫጆቹ አጨበጨቡለት። ውባንተ ፊቱ ጠቆረ፤ ግን ምን ያድርግ? ቢያስገድዳቸው በሌሊት ጠፍተው ወደ ሌላ እርሻ ይሄዱበታል፣ የማኅበሩ ሰሊጥም ሜዳ ላይ ይቀራል።

"እሺ፣ ዕረፉ" አለ በመጨረሻ። "ነገር ግን የማኅበሩን ማሳ እንቢ ብሎ ነገ በሌላ ሰው ማሳ ማጭድ ይዞ ያገኘሁት አድኃሪ ነው። አስሬ እልከዋለሁ።"

በማግሥቱ አጫጆቹ ልብሳቸውን አጥበው ግራር ሥር ተጋደሙ። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው፤ የተሳለመ የለም። ፈንቴ መሀል ተቀምጦ የትናንቱን ንግግሩን ራሱ ደግሞ ይተርክላቸዋል፤ በተረከው ቁጥርም ንግግሩ ትንሽ ይረዝማል። አዛናው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እያዳመጠ በልቡ ያፌዛል።

ሐሚዳ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ቶቧን፣ ረጅሙን መጎናጸፊያዋን፣ በወገቧ አስራለች፤ እጇ ላይ የተነቀለ የሰሊጥ አገዳ ይዛለች። ለአዛናው ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ፈንቴ ፊት ቆመች።

ዛሬ በዓላችሁ ነው አይደል? ብላ ጠየቀችው። ፈንቴ ደስ አለው። ስቅለቱ የሚታሰብበት ቀን መሆኑን፣ ጌታ ለማያውቁት ሁሉ ሳይቀር ደሙን እንዳፈሰሰ አስረድቶ አስረድቶ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሲጨርስ አገዳውን ዘቅዝቃ አራገፈችው። ነጫጭ ፍሬ ጭኑ ላይ ዘነበ።

"ይኸ የእኔ ነው" አለች። "ከታች በኩል አፉን ከፍቷል። ዛሬን ካደረ ነገ ባዶ አገዳ ነው የማጭደው፤ የዓመት ጉርሴም ሌላ የለም። የእኛ ሰዎች ሁሉ በየማሳቸው ናቸው፣ የእነሱም ደርሶባቸዋል። እናንተ ተኝታችኋል። በነገርከኝ መጣሁ።"

ፈንቴ ፍሬውን ከጭኑ ላይ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። ያ ነገር እኮ ያገር ቤት ልማድ ነው አለ። ቆላ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም አለ። ከዚያ፣ "ደግሞ ለክርስቲያን ሴት ነው፣ እታለም" አለ።

ሐሚዳ ወደ አዛናው ዞረች። "አያ አዛናው፣ ያን ዕለት ከራኩባዬ ጀርባ ነበሩ። ለክርስቲያን ሴት ብቻ ሲል ሰምተዋል?"

አዛናው ባርኔጣውን አነሣ። ግማሹን እንደረሳው፣ የጠየቀችውንና የመለሰላትን እንዳልሰማ ሊነግራት አሰበ። አጫጆቹ ሁሉ እያዩት ነው።

"ሁሉንም አልሰማሁም፣ ሐሚዳ። የሰማሁት 'ባሏ የሞተባት ሴት' ሲል ነው። ለክርስቲያን የሚል ቃል አልሰማሁም።"

"እኔ ጠይቄዋለሁ" አለች። "ለማንኛዋም ሴት? ብየዋለሁ። ባሏ የሞተባት ሁሉ አንድ ናት ብሎኛል፤ ወላሂ፣ ብሎኛል።"

ፈንቴ አልካደም። አንገቱን ደፍቶ፣ ውባንተ የተናገረውን አልሰማሽም ወይ አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሥር ቤት እንደ ገባ ተመልሶ የማይወጣ ሰው እንዳለ አስታወሳት። ግራሩ ላይ ሰላይ የተቀመጠ ይመስል ቀና ብሎ አየ።

"ትናንት አንገትህን ሰጥተህ ነበር አሉኝ" አለች ሐሚዳ። "ዛሬ ማጭድህን ሰሰትክ?"

አጫጆቹ ሳቁ፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው አዛናው ነው። ሐሚዳ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ ዓይኗን ወደ እሱ መለሰች።

"እርስዎም፣ አያ። እሱ ሲናገር ሲስቁ ክረምቱን ሁሉ ስሰማ ከርሜአለሁ። ጣሳውንም አይቻለሁ፤ ዕውር አይደለሁም። ግን እሱ ቢያንስ ነገረኝ። እርስዎ ስለሚያመልኩት አምላክ አንዲት ቃል ነግረውኝ ያውቃሉ?"

አዛናው እንዲህ ያለ ነገር ከአንዲት ሻሂ ሻጭ ይመጣብኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር፤ ጆሮው ጋለ። ተነሥቶ ወደ ማደሪያቸው ዳስ ገባና ማጭዱን ይዞ ወጣ። በንጹሕ ልብሱ ላይ የሥራውን ሸማ አገለደመ። ሌሎቹም እርስ በርስ ተያዩና አንዱ ተነሣ፣ ሌላውም ተከተለው፤ እያጉረመረሙ ማጭዳቸውን ፈለጉ።

ፈንቴ ብቻ ቀረ።

"ተነሥ እንጂ፣ መሪጌታ" አለው አዛናው። "ዛሬ ስብከትህን ሰምቶ ማጭድ የሚያነሣ ጉባኤ አግኝተሃል።"

"እናንተን ውባንተ ምን ያደርጋችኋል?" አለ ፈንቴ። ድምፁ ያ የወፍጮ ድምፅ አልነበረም። "ትናንት ፊቱ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሲመጣ የሚፈልገው እኔን ነው። አያ፣ እኔ እሥር ቤት አልችልም።"

አዛናው ለመጀመሪያ ጊዜ አላፌዘም። ፍርሃቱ የእውነት ነበር። የሐሚዳ ሰሊጥ ከሰው ቁመት በላይ መሆኑን፣ መሀል ገብቶ ቢያጭድ ማንም እንደማያየው፣ እነሱም ስሙን እንደማያነሡ ነገረው። ፈንቴ ፊቱ ፈካ፤ ለመነሣት መሬቱን በእጁ ተመረኮዘ።

"አይሆንም" አለች ሐሚዳ። "ተደብቆ የሚያጭድልኝ አልፈልግም። ማሳው የእኔ ነው። ውባንተ የሚመጣው በመንገዱ በኩል ነው፤ መምጣቱም አይቀር። ማን አመጣችሁ ብሎ ሲጠይቅ አያ አዛናው ምን ይበሉት? ንግግር አያውቁም። የምታውቀው አንተ ነህ። ለእኔ ያልከኝን አንድም ሳታስቀር ለእሱ ንገረው። እኔ ክረምቱን ሙሉ ሰምቻለሁ፤ አሁን ተራው የእሱ ነው።"

ማንም አልሳቀም። ፈንቴ መንገዱን አሻግሮ አየ፤ አቧራ የለበትም፣ ሰውም የለበትም። ማጭዱ የት እንዳለ ጠየቀ፤ አንዱ አቀበለው። ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ።

"መንገዱ ዳር ያለው መስመር ርዝመቱ ምን ያህል ነው?" አለ።

"ከጫፍ እስከ ጫፍ" አለች።

"እሱን እኔ እይዘዋለሁ።"