ጥለቱ ወደ ላይ የሆነ ጥሩር

ዘርዓብሩክ ዓሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ኖሮ፣ በአርባ ስድስት ዓመቱ የጥንት ፈረንጅ ጦረኛ ልሁን አለ። በርባንክ ከተማ ካለ አንድ መናፈሻ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ፤ የድሮ የአውሮፓ ወታደር ልብስ ለብሰው በደነዘ ሰይፍ ይቀጣቀጣሉ። የራስ ቁሩን ደፍቶ የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ብቅ ያለ ዕለት ሰፈሩ «ጎልያድ» አለው። ቁመቱ እንኳን ለጎልያድ ለዳዊትም አይበቃም።

ችግሩ ያለው አንገቱ ላይ ነበር። ከራስ ቁሩ ሥር ተንጠልጥሎ አንገትና ትከሻ የሚሸፍን፣ ከትንንሽ የብረት ቀለበት የተሠራ ጥሩር ያልገጠመ ሰው ሜዳ አይገባም። ዘርዓብሩክ ኦንላይን አዘዘ። አንዱ ጠርዙ በነሐስ ቀለበት ያጌጠ፣ የሚያብለጨልጭ ጥሩር መጣለት። ነሐሱ ላይ የቆዳ ጥብጣብ ሰፋ፤ ቆዳውን በስቶ በቁሩ ዙሪያ ባሉት ማያያዣዎች አጠለቀና በጠፍር አሰረው። ያምራል። ግን ክንዱን ባነሳ ቁጥር ጥሩሩ ሽቅብ ይሰበሰብና አንገቱ ቁልጭ ይላል። ከግጥሚያ በፊት ትጥቅ የሚፈትሸው ተቆጣጣሪ ሁለት ቅዳሜ መለሰው፤ በሦስተኛው ካልተስተካከለ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሰው እንደሚሰጥ ቁርጡን ነገረው።

ሶ፣ ዓርብ ከሰዓት ቁሩን እንደደፋ የሐበሻ ቀሚስ ከሚሰፉት ከእትዬ ፋና ሱቅ ገባ። እትዬ ፋና ቀና ብለው ሲያዩት መቀሳቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

«ውይ ዘርዓብሩክዬ! ማን ሞተብህ?»

«ማንም አልሞተብኝም፣ እትዬ።»

«አትደብቀኝ። መርዶ ለብቻ አይያዝም።»

ታክሲውን በር ላይ ያቆመው ጸጋዬ ይህን ሰምቶ ገባና ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር ያጥናህ፣ ወንድሜ።»

«ኧረ በሕግ! ዘመድ አዝማዴ ሁሉ ደህና ነው!»

«ታዲያ ይሄ ጥለት ወደ ላይ ምን ሰቀለው?» እትዬ ፋና አገጩ ሥር ያለውን ነሐስ ነካ አደረጉት። «ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ የሚለብስ ሐዘንተኛ ነው።»

«ጥለት አይደለም፣ ነሐስ ነው። ጌጥ ፊት አጠገብ ሲሆን ይታያል ብዬ…»

«ነሐስም ይሁን ሐር፣ ጥለት ጥለት ነው። ሰው ሳይሞትብህ ለቅሶ ለብሰህ ከሱቄ አትወጣም። ፈረንጆቹ ምን ይሉናል?»

«እነሱ ስለ ነጠላ ምን ያውቃሉ?» አለ ጸጋዬ።

«እኔ አውቃለሁ!»

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ነው። ፈትተውት ባይደርስስ?» ዘርዓብሩክ ይህን ሲል ጠፍሩ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ነበር።

እትዬ ፋና ጥሩሩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ሁለቱን ጠርዞች በሜትራቸው ለኩ። ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ።

«ይሄ እኮ ክሎሽ ነው! ጠባቡ ለወገብ፣ ሰፊው ለታች። አንተ ቀሚሱን በእግሩ ሰቅለኸዋል!»

ቆዳውን ከሰፊው ጠርዝ ፈትተው ባለነሐሱን ወደ ታች ገለበጡ፤ ጥብጣቡን በወስፌና በሰም ክር ከጠባቡ ጋር ሰፉት። ሦስት መርፌ ሰበሩ፤ ለእያንዳንዱ መርፌ ዘርዓብሩክን አንድ አንድ ጊዜ ሰደቡት። ሲጨርሱ በአዲስ ጠፍር ከቁሩ ጋር አስረው ደፉለት።

«ክንድህን አንሳ።»

አነሳ። ጥሩሩ ትከሻው ላይ ዘርፈፍ ብሎ ተኛ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ዩቲዩብ ሳይ!» አለ ዘርዓብሩክ።

«ምናለ እኔን ብታይ» አሉ እትዬ ፋና።

ቅዳሜ ተቆጣጣሪው ጥሩሩን ጎተተው፣ ክንዱን አስነሳው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ግባ» አለው። ዘርዓብሩክ ቁሩ ውስጥ ፈገግ ማለቱን ማንም አላየለትም።

የገጠመው ሰው የስልክ እንጨት የሚያህል ነበር። የመጀመሪያውን ምት አንገቱ ላይ አሳረፈበት፤ ጥሩሩ ጮኸ፣ አንገቱ ግን ደህና። በጸጋዬ ታክሲ መጥተው ከዳር በታጣፊ ወንበር የተቀመጡት እትዬ ፋና አላስቻላቸውም።

«አንተ ረጅሙ! ቀስ በል፣ የሰው ልጅ ነው!»

ረጅሙ ሰውዬ አማርኛ አያውቅም፤ የእናት ቁጣ ግን ያውቃል። ደንግጦ ዞር ሲል ዘርዓብሩክ በጋሻው ገፋውና ሣሩ ላይ ዘረጋው። ዳኞቹ ተሰብስበው መከሩ፤ ተመልካች ስለረበሸ ጨዋታው ይደገም ተባለ። እትዬ ፋናም አፋቸውን በእጃቸው እንዲይዙ ጸጋዬ ለመናቸው።

በተደገመው ዘርዓብሩክ በአራት ሰከንድ ተዘረረ። ተቆጣጣሪው ሮጦ መጥቶ ከላዩ ጎንበስ አለ።

«ኦኬ ነህ?»

«ኦኬ ነኝ» አለ ዘርዓብሩክ፣ ሰማይ ሰማዩን እያየ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?»