ያደረ ሐኪም ቤቱ ይግባ

በቀዶ ሕክምና ክፍሉ የጠዋት ስብሰባ ላይ ማንቀላፋት ብርቅ አይደለም። ብርቁ፣ የሠልጣኝ ሐኪሞቹን ተራ የምታወጣው ቺፍ ሬዚደንት ስለ እንቅልፍ ልትናገር ብድግ ማለቷ ነበር።

"ሌሊት ያደረ ሐኪም ጠዋት በሽተኞቹን አስረክቦ ቤቱ ይግባ" አለች። "እንደ ለመድነው እስከ ማታ አይሥራ። ልመናዬ ይኸው ነው።"

ልመናው የራሷ ብቻ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት፣ ጓደኞቹ ጉጉት የሚሉት ሠልጣኝ ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ባደረ ማግስት ለአንድ ሕፃን የማስታገሻውን መጠን በአሥር እጥፍ አዞ ነበር። መድኃኒቱ ሳይሰጥ ነርሷ ደረሰችበት። ጉጉት ወደ ቺፏ መጥቶ፣ "ዛሬ ሰው ልገድል ነበር" አላት። ከዚያ ወዲህ ዓይኗ እሱ ላይ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ነርሷ ባትኖርስ?

የክፍሉ ኃላፊ፣ በሌለበት ብረቱ የሚባለው፣ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። "እኛ ቤታችን የት እንደሆነ እስኪጠፋን ሠርተን ነው ለዚህ የበቃነው። እናንተ በአንድ ሌሊት ፍራሽ ፍራሽ አላችሁ?"

"ማስተኛቱን ለኔ ተዉት፣ መርፌው በእጄ ነው" አለ የማደንዘዣ ባለሙያው። ቤቱ ሳቀ።

አንጋፋዋ ሲስተር ግን አልሳቀችም። "ልጆቹ አንጀቴን ይበሉታል። ግን በሽተኛው ቀን ሲብስበት ማንን ልጥራ? የሚያውቀው ያደረው ነው።"

"እንቅልፍ የጣለው ሰው ቢያውቀው ምን ይጠቅምሻል፣ ሲስተር?" አለች ቺፏ።

"የተኛውን እቀሰቅሰዋለሁ፣ ልጄ። የሌለውን ከየት አባቴ ልቀስቅስ?"

"በቃ፣ ባለጉዳዮቹ ይፍረዱ" አለ ብረቱ። "ጠዋት መሄድ የምትፈልጉ ሬዚደንቶች፣ እጃችሁን አውጡ።"

ቺፏ እጇን አወጣች። ዞር ስትል ሁሉም ጫማ ጫማውን ያያል። ጉጉትንም አየችው። እጆቹን ጭኖቹ መሃል ሸጉጧቸው ነበር።

ኮሪደር ላይ ያዘችው። "አንተ እንኳን?"

"ቺፍዬ፣ ትልልቁ ኦፕሬሽን የሚሠራው ቀን ነው። እኔ ቤቴ ስገባ ምላጩን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። ተኝቼ ተኝቼ ምን ሆኜ ልመረቅ? ሆድ ከፍቶ የማያውቅ ሰርጀን?"

"ሰው ልትገድል ነበር እኮ!"

"ለሱ እኮ ነው" አለ፣ ዓይኑ ደም መስሎ። "ገና አልቻልኩም ማለት ነው። የበለጠ መሥራት አለብኝ።"

ቢሳደብ፣ ቢያለቅስ ይሻላት ነበር። የሚያሳዝነው፣ የተናገረውን ከልቡ ማመኑ ነው። ዛሬ ማታም ተረኛው እሱ ነበር።

ወደ ሲስተር ተመለሰች። "ዛሬ እሱ የሚያዘውን መድኃኒት እኔ ሳላየው እንዳትሰጡ።"

"ቤትሽ አትገቢም እንዴ? ትናንትም እዚሁ አይደል ያደርሽው?"

"አልገባም።"

"ነገስ?"

ቺፏ የመድኃኒት ማዘዣ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች።

"እሺ፣ እሱን አንቺ ታዪዋለሽ" አለች ሲስተር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አንቺንስ ማን ይይሽ፣ ልጄ?"

ከዎርዱ ጉጉት፣ "ቺፍ! አንዴ ነይ!" ብሎ ተጣራ። ቺፏ ወደሱ ሄደች።