የእድሩ አዳራሽ አዲስ ጣሪያ

ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ዳገቱ መሐል ያለውን የእድር አዳራሽ ጋሽ ቶሎሳ በወጣትነታቸው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ጭቃ አቡክተው፣ ባሕር ዛፍ ተሸክመው ነው የሠሩት። አሁን የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ስለዚህ የባለሱቁ የሙዘይን ልጅ ሀያም መጥታ ጣሪያውን አፍርሰን ሶላር እንትከል ስትላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

ሀያም የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። በክረምት መብራት ከሄደ ቶሎ እንደማይመለስ፣ ዝናቡ ሲበረታ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የታች ቤቶችን እንደሚያጥለቀልቅ፣ ያኔ ሰው የሚሸሽበት እንደሚያጣ ሠፈርተኛው ሁሉ ያውቃል። አዳራሹ ግን ሰፊ ነው፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ የሁሉም ነው። ለምን ድንኳንና ድስት ብቻ ይቀመጥበታል? ብላ በእድሩ ስብሰባ ላይ ጠየቀች። ዕቃውን የሚሰጥ ድርጅትም አግኝታ ነበር፤ ከእድሩ የሚጠበቀው ጉልበት ነው። ስብሰባው ሐሳቧን ወደደላት። ጋሽ ቶሎሳ ግን ጣሪያው ስንት ክረምት እንዳሳለፈ፣ ከዛሬ ልጆች ሥራ የእነሱ ሥራ እንደሚጠነክር ተናግረው፣ በቃ፣ አይነካም አሉ።

ሀያም አልተከራከረችም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መሰላል አቁማ፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን አንድ ጊዜ ብቻ አብረዋት እንዲያዩ ለመነቻቸው። ሽማግሌው ወጡ። ራሳቸው የመረጡትን፣ ራሳቸው የላጡትን እንጨት በእጃቸው ያዝ ሲያደርጉት እንደ ደረቀ ዳቦ ፈረሰ። ምስጥ ከውስጥ ጨርሶታል።

ከዚህ እንጨት ስር ለቅሶ የተቀመጡትን፣ ድግስ የበሉትን፣ በየበዓሉ የሚሯሯጡትን ሕፃናት አሰቡ።

«በይ፣ ይፍረስ» አሉ በመጨረሻ። «የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ግን እኔ ነኝ የምነቅለው።»

ነቀሉትም። በጋውን ሙሉ ሠፈሩ እዚያው ከረመ። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ነጋዴዎቹ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ። ሴቶቹ ከአዳራሹ ጀርባ ጎርፉን የሚመልስ ቦይ ቆፈሩ። ሸማኔዎቹ ጋቢ አመጡ። በብረት አዲስ ጣሪያ ቆመ፤ ላዩ ላይ ሶላሩ፣ ውስጥ ትልቁ ባትሪ፣ ውጭ የውሃ ታንከር ተተከለ። አምፖሉ መጀመሪያ ሲበራ ጋሽ ቶሎሳ ጸለዩ፣ ሙዘይን ዱዓ አደረጉ፤ ለሁለቱም ሰዉ ሁሉ አሜን አለ።

በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያ የተፈራው ዝናብ መጣ። ከላይ አፈር ተንዶ የመብራት ምሰሶውን ጣለው፣ መንገዱንም ዘጋው። ከታች ቤቶች ሰው ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ አዳራሹ ወጣ። ጎርፉ ከጀርባ መጥቶ በቦዩ ታጥፎ አለፈ። ውስጥ ብርሃን ነበር፣ ደረቅ ነበር።

ከታች ቤቶች የምትኖረው ዓለምነሽ እናቷን እትዬ የሺን በወንበር አሸክማ ስትገባ ግን ሁሉም ተነሣ። እትዬ የሺ ሳንባቸው ታሞ በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሱት፤ ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ሀያም ሮጣ ማሽኑን ሰካችው። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ቀስ በቀስም የእትዬ የሺ የፊት መልክ ተመለሰ። ለአምቡላንስ ተደወለ፤ መንገዱ ሳይጠረግ መድረስ እንደማይችሉ ተናገሩ።

ሀያም ባትሪውን አይታ ጋሽ ቶሎሳን ወደ ጥግ ወሰደቻቸው። ቀኑን ሙሉ ደመና ስለነበር በደንብ አልሞላም። ስልኩም ቴሌቪዥኑም አምፖሉም እንደዚሁ ከቀጠለ ባትሪው ሳይነጋ ያልቃል።

ጋሽ ቶሎሳ መሐል ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ እትዬ የሺ የሚተነፍሱት በዚህ ባትሪ ነው። ፀሐይ እስክትወጣ ለእሳቸው እንተውላቸው።»

መጀመሪያ የተነሣው ከነጋዴዎቹ አንዱ አሽረፍ ነው። ሚስቱ ወደ መርካቶ ወርዳ አልተመለሰችም፤ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ጥሪዋን ይጠብቅ ነበር። ቻርጀሩን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ንግግር አላስፈለገውም። ስልኩ ተነቀለ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ አምፖሎቹ ጠፉ። ከማሽኑ ራስጌ አንዲት መብራት ብቻ ቀረች። ሰዉ በጨለማ፣ በጋቢ ተጠጋግቶ አደረ።

ነጋ። ዝናቡም አባራ። ብርሃኑ እየደመቀ ሲሄድ ባትሪው ግን አልጨመረም፤ እንዲያውም ማስጠንቀቂያው ይጮህ ጀመር። ሀያም ወጥታ ወደ ጣሪያው ቀና ስትል ነገሩ ገባት። የሌሊቱ ነፋስ ትልቅ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ገንጥሎ፣ ከነቅጠሉ ሶላሩ ላይ ጥሎታል።

ጮክ ብላ ተጣራች። ሰዉ ጫማም ሳያደርግ ወጣ። የድንኳኑን ገመድ አመጡ፣ ሀያም መሰላሉን ወጥታ ቅርንጫፉን አሰረች። ጋሽ ቶሎሳ ከፊት፣ አሽረፍ ከኋላቸው፣ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ጎተተ። አንዴ እምቢ አለ። ሁለተኛ ሲጎትቱ ቅርንጫፉ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ ወደቀ። ከውስጥ ዓለምነሽ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ጩኸቱ ቆመ» አለች። «እየሞላ ነው። እናቴ ሻይ ጠይቃለች።»

ያኔ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ጨፈሩ። በጭቃ እጃቸው ተቃቀፉ። ሀያም የመሰላሉ ታችኛ እርከን ላይ እንደቆመች እንባዋን በክንዷ ጠረገች፤ ጋሽ ቶሎሳ ከታች እግሯን ይዘው፣ «ጌታ ይባርክሽ፣ ልጄ» አሏት፣ ደጋግመው።

መንገዱ ረፋዱ ላይ ሲከፈት ከአምቡላንሱ ቀድማ የደረሰችው የአሽረፍ ሚስት ነበረች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ በእግሯ። እትዬ የሺ በቃሬዛ ሲወጡ ሰዉን ዞር ብለው አዩና ሁላችሁንም አድክሜያችኋለሁ አሉ። ጋሽ ቶሎሳ ደክመናል እንዴ ብለው ወደ ሰዉ ዞሩ። «ኧረ በፍጹም» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።