ወርቃማ ከወርቃማ

ምራቲቱ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይጸኑላት ሲቀሩ ሰው ሁሉ አይዞሽ አላት፤ አማቷ ግን ከአይዞሽ አልፈው ምክንያት ፍለጋ ገቡ። ምክንያቱንም ቤተሰቡ ድርጭት በሚያረባበት ቤት ውስጥ አገኙት። ወርቃማዎቹ ድርጭቶች ከሚጥሉት እንቁላል በየዙሩ ሩቡ ያህል ሳይፈለፈል ይቀራል፤ እንቁላሉን ማስፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ የምትደረድረው ደግሞ ምራታቸው ናት። "እሷ የነካችው አይጸናም" አሉ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ቤት ተቀምጠው፣ ሴቱ ሁሉ እየሰማ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ምራቲቱ ጆሮ ደረሰ። ያን ቀን አለቀሰች። በማግስቱ ግን እልህ ያዛት፤ እልህ ደግሞ አንዳንዴ ዓይን ይከፍታል።

ድርጭት ቤቱን እንደ አዲስ ታየው ጀመር። ቡናማዎቹ፣ አውራው ደረቱ ዝገት የመሰለ፣ ሴቷ ደረቷ በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ የእነሱንም እንቁላል የሚደረድረው ያው የእሷ እጅ ነው። እነሱ ግን ግልብጥ ብለው ይፈለፈላሉ። እጇ ገዳይ ከሆነ ቡናማውን ለምን ማረው? ደግሞ ከሁለት ወርቃማ ወላጆች ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ሁልጊዜ ሲሶ ያህሉ ቡናማ ናቸው። ወርቃማዎቹ ሁሉ ውስጣቸው ቡናማ ደብቀዋል ማለት ነው። አማቷ ግን ዳር ዳሩን የተጠለፈ የሚመስለውን ያን ወርቃማ ላባ ስለሚወዱ "ወርቃማ ከወርቃማ ብቻ" ብለው፣ ቡናማ አውራ በዚያ በኩል ዝር እንዳይል ከልክለዋል።

"እማማ፣ በዚህኛው ዙር የወርቃማዎቹን እንቁላል ራስዎ ይደርድሩት" አለቻቸው አንድ ጠዋት። "የእርስዎን ትሪ በጣቴም አልነካም። እኔ ጥቂት ወርቃማ ሴቶች ከቡናማ አውራ ጋር አደርግና የእነሱን በሌላ ትሪ አስገባለሁ። ማሽኑ አንድ ነው።"

"ዘሩን ልታበላሺብኝ?"

"ከተበላሸ ያባሩኝ።"

ባሏ ጎተት አድርጎ "ተይ እንጂ፣ እናቴን አትገዳደሪ" አላት።

"አንተ ዝም ስላልክ ነው እኔ የምናገረው" አለችው። እሱም መጥረጊያውን ይዞ ውልቅ አለ።

አማቷ በእጃቸው ይተማመናሉ። እንቁላሉን እንደ ሕፃን እያቀፉ ደረደሩት። ቀኑ ሲደርስ የምራቲቱ ትሪ በጫጩት ጩኸት ተናጋ፤ ግማሹ ወርቃማ፣ ግማሹ ቡናማ። ከአማቷ ትሪ ግን ሩቡ እንደ ወትሮው ዝም አለ። አሮጊቷ አንዱን ሰበሩ፤ ውስጡ የደም ክር ብቻ ነበር። ሁለተኛውንም ሰበሩ። ሦስተኛውን አንስተው ሳይሰብሩት መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት።

"ምን አጠፋሁ?" አሉ በቀጭን ድምፅ።

ምራቲቱ ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች፤ ስንት ሌሊት ራሷን ጠይቃዋለች። ቢሆንም አልለቀቀቻቸውም።

"ምንም አላጠፉም። ወርቃማው ቀለም ከአንድ ወላጅ ሲመጣ ጌጥ ነው፤ ከሁለቱም ሲመጣ ጫጩቱ አይጸናም። ከወፎቹ ደም ነው እንጂ ከማንም እጅ አይደለም። የእርስዎ እጅ ንጹሕ ነው። የእኔም።"

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። "ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

"እዚህ አይደለም፣ እማማ" አለች፣ ሹራባቸውን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ እያቀበለቻቸው። "እኔን ያሙኝ ልብስ ሰፊዋ ቤት ነው፤ ይቅርታውንም እዚያው ይበሉት። ሴቶቹ አሁን ተሰብስበዋል። እኔም አብሬዎት እመጣለሁ።"